ሰባት መኪና፣ አራት ጣውላ

ሐይቅ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆኜ የተቀጠርሁ ቀን የሾፌሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር አንድ ደብተርና አንድ ፊሽካ ሰጡኝ። «ይማም፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል። ከዚህ ሌላ ሕግ የለንም» አሉኝ። ሕጉ አጭር ስለሆነ ወዲያው ያዝሁት። ፊሽካውን ግን እስከ ምሳ ሰዓት ገልብጬ ስነፋ ቆየሁ። ሾፌሮቹ ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። መኪናው ሲገባ ታርጋውን ትጽፋለህ፤ ተራው ሲደርስ ትጠራለህ፤ ሲሞላ ታስወጣለህ። ከባዱ ነገር እያንዳንዱ ሾፌር ከሁሉም ቀድሞ የመጣ መሆኑን በመሐላ የሚያረጋግጥ መሆኑ ነው።

ለውጡ የመጣ ጊዜ እኔም ተለወጥሁ። የስምሪት ተቆጣጣሪ ተባልሁ፤ ደረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ተሰጠኝ። ደብተሩ ያው ነው፤ ፊሽካውም ያው። ሰደርያው ስለሰፋኝ በነፋስ ቀን ከመሬት የምነሣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ የውጫሌን መንገድ ዘጋው። በዚያ መስመር የሚሠሩ ሰባት ሚኒባሶች መናኸሪያው አጥር ሥር ተደርድረው ቆሙ። የሚጠራ ተራ ጠፋ። እኔ ግን በየጧቱ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ፊሽካዬን አንግቼ እገባለሁ። ሙሔ የሚባለው ሾፌር «ጋሽ ይማም፣ ዛሬስ ማን ነው ባለተራ?» ሲለኝ ደብተሬን ገልጬ የምፈልግ እመስላለሁ።

የመኪና አሻንጉሊት መሥራት የጀመረው ከሰባቱ ሾፌሮች አንዱ ሰይድ ነው። ዝም ያለ ሰው ነው፤ እናቱ ውጫሌ ማዶ ቀርተውበት ስልኩም አልሠራ ብሎት እጁን ማሳረፍ አልቻለም። ከዘይት ቆርቆሮ ቦዲ ቆረጠ፤ አሮጌ ኩሽኔታ ጎማ አደረገለት፤ የጃንጥላ ሽቦ ጎማዎቹን የሚያያይዝ ዘንግ ሆነ። የእሱን ያዩ ስድስቱም ሠሩ። አራት ረጃጅም ጣውላ ጎን ለጎን ገጥመን ከዕቃ መጫኛው ደረጃ ላይ ወደ ታች አጋደምን፤ በመካከላቸውም ቀጭን እንጨት መታንበት። ከላይ ይለቀቃሉ፤ ቀድሞ መሬት የነካ ያሸንፋል። አራት አራት ይሮጣሉ።

ውድድር ካለ ተራ አለ፤ ተራ ካለ እኔ አለሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ጣውላዎቹን በመስመሮቻችን ስም ጠራናቸው፤ እኩል ግን አልነበሩም። አንደኛው መሐሉ ላይ ዐይን የሚያህል ጉጥ ስላለበት በተራራው ስም ግሸን አልነው። ሁለተኛው ውጫሌ፣ አራተኛው ቢስቲማ ተባሉ። ሦስተኛው ልሙጥ ነው፤ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ ላይ የወጣ ድንጋይም ቢሆን ያሸንፋል።

እኔ እንደለመድሁት በደብተሬ መደብሁ፦ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይምረጥ። በማግስቱ ስመጣ ከሰባቱ አንዱ አበራ ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል። አበራ በሹፌርነት ሃያ ዓመት፣ በአፍ ደግሞ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ነው። «ሕጉን እርስዎ ነዎት ያወጡት» አለኝ፤ አልተነሣም።

ዕጣ ላድርገው ብል ሁሉም ሳቁ። ባለፈው ጊዜ የበዓል ተራ በዕጣ ሳወጣ ሾፌሩ የሚስቴ ወንድም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ወላሂ አጋጣሚ ነው ብዬ ብምል የሚያምነኝ ጠፋ። ሚስቴም አላመነችኝም።

ስለዚህ ቤቴ ገባሁና ሰባት የለስላሳ ቆርኪ ላይ የየሾፌሩን ቁጥር ጽፌ በክብ ደረደርሁ። በላያቸው የሚዞር ክብ ካርቶን በሚስማር መታሁ፤ ካርቶኑን አራት ቦታ በሳሁት፤ በየቀዳዳው አጠገብ የጣውላውን ስም ጻፍሁ። በቀዳዳው የታየ ቁጥር በዚያ ጣውላ ይሮጣል። ዙሩ ሲያልቅ ካርቶኑ አንድ ቆርኪ ይዞራል። በሰባት ዙር ሁሉም በአራቱም ጣውላ አንድ አንድ ጊዜ ይሮጣል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ተከታታይ አድርጌ ስለበሳሁ ጎረቤታሞች ሦስት ጊዜ፣ የሚራራቁት አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኙ። ሙሔ «ከአበራ ጋር አጋብተውኛል እንዴ?» አለ። አራተኛውን ቀዳዳ በአንድ ቆርኪ ባርቀው ግን እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ልክ ሁለት ሁለት ጊዜ ገጠመ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ሆኜ አስረዳሁ።

እንዲህ ስንጫወት አንድ ኃላፊ መጣና መንገዱ ነገ እንደሚከፈት ነገረን። በመጀመሪያው ቀን የሚያልፈው ግን አንድ ሚኒባስ ብቻ ነው። ማን ይሂድ? ያረጀው ደብተሬ አይረዳም፤ ሰባቱም የቆሙት በአንድ ቀን ነው።

«በካርቶኑ ይለይ» አለ አበራ። ሁሉም ተስማሙ። አንደኛ የወጣ አራት ነጥብ፣ የመጨረሻው አንድ።

ስድስቱ ዙር ሲያልቅ ሰይድ አበራን በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ለሰባተኛው ዙር ካርቶኑን ላዞር ስል አስቀድሜ አየሁት፦ ሰይድ ግሸን፣ አበራ ኮምቦልቻ።

ሙሔ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «ጋሽ ይማም፣ ትንሽ ቢያንሸራትቷትስ? ልጁ እናቱ ዘንድ ይሂድ።»

አውራ ጣቴ ካርቶኑ ላይ ነበር። ሐቀኛ ስለሆንሁ ተውሁት ብላችሁ ባማረብኝ ነበር። እውነቱ ግን፣ ሦስት ቀን ስደነፋ ሁሉንም አስተምሬያቸዋለሁ፤ ሰባቱም ካርቶኑን ከእኔ በላይ ያነባሉ። ካሰብሁት ተንኮል ያዳነኝ ጉራዬ ነው።

ፊሽካ ነፋሁ። አበራ አንደኛ፣ ሰይድ ጉጡ ላይ ዘሎ ሦስተኛ። አበራ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። «ሰይዶ፣ ከኋላዬ አቧራ ትቅማለህ!» አለ። ሰይድ አሻንጉሊቷን አንሥቶ ጎማዋን ጠረገ።

በማግስቱ ጧት ወደ ቀያቸው የሚመለሱ ተፈናቃዮች የአበራን መኪና ሞሉት። አበራ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፋ።

ነዳጅ የለውም። ሙሔንም አየሁት፤ መሬት ያያል። ሌሎቹንም አየሁ። በሰባቱም ታንክ ያለችው ታች የቀረች ጭላጭ ብቻ ናት። እያንዳንዱ ተራው እንዳይቀርበት ደብቆ፣ ሲያሸንፍ ከሌሎቹ ሊበደር አስቦ ኖሯል። ሰላሳ ዓመት መኪና ሳስወጣ የኖርሁት እኔም አልጠየቅሁም።

ቱቦና ጀሪካን ይዞ የመጣው ሰይድ ነው። የራሱን ታንክ ከፍቶ ቱቦውን በአፉ ሳበ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለው ሙሔ።

ሰይድ ምራቁን ተፋ። «በአራቱም ጣውላ ሮጫለሁ። ምን ብዬ ልከራከር? ተራው የሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ስድስቱም ታንክ ተመጠጠ። አበራ ከመኪናው ወርዶ ጀሪካኑን ተቀበለ። ቀድተው ሲጨርሱ ጋቢና የተቀመጠውን ተሳፋሪ ወደ ኋላ አሸጋሸገና በሩን ከፈተ። «ሰይዶ፣ ግባ። መንገዱን እኔ አላውቀውም፤ ጠፍቶብኛል» አለ። ሃያ ዓመት የነዳውን መንገድ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የሰይድ እናት ጋቢና መሐል ተቀምጠዋል፤ አቅፈውት የመጡት ዶሮ ነው። ሲወርዱ እኔን ከሰደርያዬ ጋር ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄን ይህን ያህል ጊዜ ያስቆምኸው ተራ አስከባሪ አንተ ነህ?» አሉኝ። ነኝ አልሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች ሁለት ነገር ያዙ። ተራ ከማውጣታችሁ በፊት ታንኩን እዩ። ድልድሉን ደግሞ የተሸነፈው ሰው ራሱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ ሥሩት።