ማኅደር የገባው ተረት

አንሶላ ልቀይር የልጄን ትራስ ሳነሳ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የገጾቹ ጠርዝ በወርቅ ቀለም የተነከረ፤ ሽፋኑ ላይ ክብ ሆኖ የተጠማዘዘ የእሾህ ጉንጉን አለ። እናቴ ዳዊቷን ሳትንተራስ ተኝታ አታውቅም ነበር። እኔ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ፣ ለካ በስውር ትጸልያለች ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የእሾህ አክሊል ያለበት መጽሐፍ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ገልጬ እንኳ አላየሁትም። ሰው የሚጸልይበት መጽሐፍ አይበረበርም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከንዋየ ቅድሳት መሸጫው የቆዳ ማኅደር ገዛሁላት፤ አባቶች ዳዊታቸውን ከተው በትከሻ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት። መጽሐፉን ስከተው ልክክ አለ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማኅደሩን ይዛ ከክፍሏ ወጣች።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ለመጽሐፍሽ ነው፤ እንዳይጎዳብሽ።»

«አነበብሽው?»

«አንቺ የምትጸልዪበትን እኔ ምን አገባኝ!»

ማኅደሩን ገልብጣ አየችው። «ታንክ ዩ፣ ማሚ» ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጡ። በስደት የምንኖርባት ኦሮራ ከተማ ያለችው አፓርታማችን ባለ ሁለት መኝታ ናት፤ ጠበል ለመርጨት ብዙ አታደክምም። አባ በአዘቦት ቀን ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠሩ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። የልጄ ክፍል ስንደርስ፣ «መጽሐፍሽንም አምጪና ይባርኩልሽ» አልኳት።

«ማሚ፣ ፕሊስ። ኖ።»

«ይሄ ምን ያሳፍራል?» ብዬ ራሴ ከትራሷ ሥር አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

አባ ከማኅደሩ አወጡት። ሽፋኑን አዩ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ፣ መሀሉንም ገልጠው ጥቂት አነበቡ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። አባ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መልሰው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ሰጧት።

«ተረት ነው» አሉ፤ ሌላ ሳይጨምሩ ኩሽናውን ሊረጩ ሄዱ። በር ድረስ ስሸኛቸው ግን መስቀል አሳለሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅሽን አነጋግሪያት። እንዳትቆጫት ብቻ፤ አነጋግሪያት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ምን አነበቡ? የእሷን መጽሐፍ ዳግመኛ መንካት ስላፈርኩ ፓርክ ሂል ካለው ቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ተዋስኩ። ሽፋኑ ላይ ያለውን የእሾህ ጉንጉን ስነግራት ሠራተኛዋ ወደ ወጣቶች መደርደሪያ ወሰደችኝ። የድሮ ተረቶች ናቸው፣ ጨለም ተደርገው እንደገና የተጻፉ፣ ልጆቹ በጣም ይወዷቸዋል አለችኝ። አንድ ሙሉ መደርደሪያ ነው፤ የእሾሁም፣ የተኩላውም፣ የመስተዋቱም አለ።

የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ እንግልውድ ነው፤ በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተኛች ልዕልት፣ ዙሪያዋን የበቀለ እሾህ፣ መጥቶ የሚቀሰቅሳት ልዑል። በዚህኛው ልዑል የለም። እሾሁን እየደማች ጥሳ የምትገባው የእንጨት ፈላጭ ሴት ልጅ ናት። ሁለቱ ከመተኛቷ በፊት ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ እንደ ጓደኛ አይደለም። ልዕልቲቱን ያስተኛቻትም ጠንቋይ ሳትሆን እናቷ ንግሥቲቱ ናት። ፍቅራቸውን አይታ፣ ሰው ልጄን ይጎዳብኛል ብላ። እሾሁን የተከለችው በገዛ እጇ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይሄ ለልጅ ይጻፋል እንዴ አልኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚንሾካሾኩትን ሴቶች ፈራሁ፤ አንዷ እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ልጄ አንድ ቀን ሻንጣዋን አንስታ ሄዳ እንዳትቀር ፈራሁ። በዚህ አገር ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳላነብ መጽሐፉን መለስኩት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ወስጃት ስንመጣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ማኅደሩ ጭኗ ላይ ነበር።

«መጽሐፍሽን አነበብኩት» አልኳት።

እጇ ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘ።

ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ሰው አፍ። አንዱም ትዝ አላለኝም።

«ንግሥቲቱ መጨረሻዋ ምን ይሆናል?»

«አልጨረስሽውም?»

«ፈራሁ።»

መንገዱን እያየች መለሰችልኝ። «ሺ ስቴይስ አውትሳይድ፣ ማሚ። ውጭ ትቀራለች። እሾሁ፣ ላይክ፣ እሷንም አያስገባትም። ልዕልቷ ነቅታለች፣ ሺ ኢዝ ራይት ዜር፣ እዚያው አጠገቧ። በት እናቷ ምንም አትጠይቃትም። ኔቨር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ነፋ። ፍርሃቴ ቅንጣት አልቀነሰም።

«ያንቺዋስ የእንጨት ፈላጭ ልጅ ማናት?» አልኳት።

ዞራ አላየችኝም። እጇን ከእጀታው ላይ አንስታ ማኅደሩን እቅፍ አደረገችው።

«ንጂ፣ ማሚ» አለችኝ፣ በአማርኛ። «ቀስ ብለሽ ንጂ። እነግርሻለሁ።»