ከጓንግ ዳር ወንበር ያስነሣኋቸው አባት

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ለመነሣት ብዬ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው አስነሣሁ። እስካሁን ፊቴ እንደጋለ ነው።

ጓንግ ወንዝ ዳር የነበረው የደርግ ጊዜ የጥጥ መዳመጫ አሁን መናፈሻ ሆኗል። ጭማቂ ቤትና ዥዋዥዌ አለው፤ አመሻሽ ላይ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው።

ወንዙን በሚያየው ወንበር ላይ እኒህ አባት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ለፎቶ ነው፤ ትንሽ ይነሡልን?» አልኳቸው። ተነሥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

እየተሳሳቅን ፎቶ ተነሣን። (እኔማ ፀሐይ ጠልቃ የፀሐይ መነጽር አድርጌ ነበር።)

ለሁለተኛው ፎቶ ስንዘጋጅ፣ ሣር ላይ መቀመጣቸው ከብዶኝ «ከየት መጡ?» አልኳቸው።

«ከወሎ። በደርግ ጊዜ ከወንድሜ ጋር እዚህ መዳመጫው ውስጥ እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ እዚህ ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። ለቅሶ እንቀመጥ ብንል ካድሬው ‹ሥራ ይበደላል› ብሎ ከለከለን። መቃብር የለውም፤ ስለዚህ እዚህ እየመጣሁ እቀመጣለሁ።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ወደ ወንበርዎ ይመለሱ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ፎቶሽን ጨርሺ። እሱም ሳቅ ይወድ ነበር።»

ፎቶውን አልለጠፍኩትም። እናንተ የምትዝናኑበት ቦታ ድሮ ምን ነበር? እንዲህ ያፈራችሁበት ቀን ካለ እስቲ ንገሩኝ።