ዘጠኙ የዋይንድሃም ቬል ልጆች

ልጄ ቤዝቦል የጀመረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ዋይንድሃም ቬል በሚባል የሰው አገር ሠፈር ቤት ገዝተን በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። የሠፈሩ የሴቶች ቡድን ልክ ዘጠኝ ተጫዋች ነበረው፤ ተቀያሪ የሚባል የለም። እኔ ስለ ጨዋታው የማውቀው ኳስ በዱላ እንደሚመታ ብቻ ነበር። ትሩጋኒና በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ሺፍት ሳሳድድ አንድም ቀን ሄጄ አላየኋትም። “ለአንቺ ስል መስዋዕት ሆኜ” ማለት ግን እወድ ነበር። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ፣ ጫማዋን ኮሪደር ላይ ሳገኝ፣ የትምህርት ውጤቷ ሲመጣ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እላታለሁ። እንግሊዝኛዬ ቢሰባበርም “ሳክሪፋይስ” የምትለዋን አልስትም።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሜዳው ሄድኩ፤ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም። ከሩቅ አይታኝ እጇን አውለበለበች። ተራዋ ደርሶ ዱላውን ይዛ ስትቆም ልቤ ድው ድው አለ። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ አልሰነዘረችም፤ ዱላውን አጋድማ ኳሱን ነካ ብቻ አደረገችው። እግሯ ሥር ወደቀ። ሮጠች፣ ቀደሟት፣ ከሜዳው ወጣች። በወዲያ በኩል ሌላ ልጅ ስትሮጥ አይቻለሁ፤ ልብ አላልኩም። ጓደኞቿ ሁሉ ብድግ ብለው ለልጄ አጨበጨቡላት።

እኔ ያደግኩበት ሠፈር ለተሸነፈ ሰው የሚያጨበጭብ የሚያሾፍ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

መኪና ውስጥ “ምን አድርገሻቸው ነው እንዲህ የሚሳለቁብሽ?” አልኳት።

ሳቀች። “ኢት ዋዝ ኤ ሳክሪፋይስ፣ አባዬ!”

የራሴን ቃል መልሳ የወረወረችብኝ መሰለኝ። “በእኔ ላብ ትቀልጃለሽ? መስዋዕትነትን አንቺ የት ታውቂዋለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ የሚባል እንዳትረግጪ!”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ እሺ አለች። እኔ ቂሉ እሺታዋን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩት።

ከሁለት ወር በኋላ በምሳ ሰዓት አንድ ፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ ቤዝቦል ሲያይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱ ተጫዋች ልክ እንደ ልጄ ኳሱን ነካ አድርጎ ወጣ።

“ምን ዓይነቱ ሰነፍ ነው!” አልኩ።

“ሆን ብሎ ነው” አለኝ። “ተጋጣሚዎቹ እሱን ለማስወጣት ሲጣደፉ ጓደኛው ገብቶ ነጥብ ያገኛል። ሳክሪፋይስ ይባላል። ለዚህ እኮ ነው የሚያጨበጭቡለት።”

አፈርኩ፤ እስከዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አባት ልጁን እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ማንም አላስተማረኝም፤ አሠልጣኟን መለመን ቀለለኝ። ሜዳው ሄጄ አሮጊቷን አሠልጣኝ ኳሶቿን መኪና ላይ ስትጭን አገኘኋት። ገና ስታየኝ ሁለት እጆቼን ያዘች።

“ተሻለህ ወይ?”

ግራ ገባኝ።

“ልጅህ ነግራናለች። አባቴ ታሟል፣ እሱን ላስታምም ብላ ነው የተሰናበተችን።”

“ልመልሳት ነው የመጣሁት” አልኩ።

አሠልጣኟ መሬት መሬት አየች። ስምንት ሆነው ጥቂት እሁዶች እንደሞከሩ፣ ከዚያ ልጆቹ ወደ ሌሎች ክለቦች እንደተበተኑ፣ ቡድኑም እንደፈረሰ ነገረችኝ።

“ግን አንተ ምንም እንዳይሰማህ” አለች እጄን ሳትለቅ። “ዋናው ያንተ መዳን ነው። አሁን ደህና ነህ አይደል?”

“አይ” አልኳት። “ገና አልዳንኩም።”