ከኤሊዋ ብብት ሥር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኛትን ኤሊ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ ለልጁ ለማርታ መጫወቻ ብሎ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ብብቷን ነው። በቆዳዋ እጥፋት ውስጥ ደም ጠጥተው ያበጡ አራት መዥገሮች ተጣብቀዋል።

አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ እኛም ኤሊ ነበረችን። የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነበር የምንኖረው። በዚያ የድሬ ሙቀት ሁላችንም ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተዘርግተን ስንውል እሷ የሐብሐብ ልጣጭ እየገመጠች ግቢውን ትዞራለች። ጀርባዋን በምግብ ዘይት የምወለውለው እኔ ነበርኩ፤ እንግዳ ሲያደንቃት ራሴ የተመሰገንኩ ይመስለኛል፣ ሞኝነቴ። እናቴ ግን አልወደደቻትም። መዥገር ቤቴ ውስጥ ባየሁ ቀን አሸዋው ላይ ነው የምጥላት ትል ነበር፤ አሸዋ የምንለው ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ ነው።

ስለዚህ መዥገሮቹን በድብቅ እለቅማለሁ። እኔ ላምባ አስነክቼ ስነቅል የስምንት ዓመቷ እህቴ ሰናይት በጥፍሯ ታፈርጣለች፤ ደሙ ጣቷ ላይ ሲፈናጠቅ ትስቃለች። አንድ ቀን አንዱን ከራሷ ጆሮ ኋላ አገኘሁት። ነቀልኩላትና ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጣላት። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውና እናቴ የወባ ክኒን ሰጠቻት፤ አልበረደላትም። ገላዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ሲወጣ የሰፈሩ ሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ተጠራ። የነከሳት ነገር እንዳለ ጠየቀ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ትንኝ ብቻ ነው» አልኩ።

ሰናይት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነች። በማግስቱ አፍንጫዋ ይደማ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

መዥገሩ ይሁን ሌላ ነገር፣ ድሬሰሩ ቢያውቅ ያድናት እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ልጅቷ መሐላዋን ጠብቃ መሞቷን ነው። እናቴም ወባን ስትረግም ኖራ ሳልነግራት አለፈች። ኤሊዋ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ዳግመኛ ግን ዘይት አልቀባኋትም።

ዛሬ ጠዋት ማርታን አጠገቤ አስቀምጬ ከጆሮዋ ኋላ ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ።

«አያቴ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?»

«የነከሰሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ኤሊዋን አልጥልብሽም» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷ ላይ የተነከሰችበትን አሳየችኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ መናገር ጀመርኩ። ስለ ማርታ ጀምሬ ስለ ሰናይት ጨረስኩ።