«የኔ ነው» ያልኩት ወሬ

የኮሌጅ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እንግሊዝኛን ከምሠራበት የጥጥ እርሻ የውሃ ፓምፕ መመሪያ፣ ኮምፒውተርን ደግሞ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ተማርኩ። አዋሽ ከተማ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ድረ ገጽ ስሠራ፣ ዲግሪ የጫኑት ኢሜይል መላክ ገና ይለማመዱ ነበር።

ገጼ የወንዙን ወሬ ነበር የሚይዘው፤ አዋሽ ከላይ ሲሞላ ታች አፋምቦ ያሉት ከብታቸውን ከዳር እንዲያወጡ። አጻጻፌን ከአፋሮች የወሬ ቅብብል ልማድ፣ ከዳጉ ወሰድኩ። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙ ጭምር፣ ሳይነጋገሩ አያልፉም። እኔም ከእያንዳንዱ ወሬ ሥር የነገረኝን ሰው ስም እጽፍ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ፣ ገጹን የሚያስተናግድልኝ የባሕር ማዶ ድርጅት ደብዳቤ ላከ። በአገሩ የቅጂ መብት ሕግ ተረቋል፤ ከጸደቀ የሌላ ሰው ሥራ ያለበት ገጽ፣ ባለቤቱ የትም አገር ይኑር፣ ድርጅቱን ያስጠይቃል። ስለዚህ ከወዲሁ ፎርም ሙሉ ተባልን። የሰፈረው ሁሉ የራስህ ነው ወይ ይላል። እንደ ዳጉ ሰው መለስኩ፤ አንዱም የኔ አይደለም፣ ሁሉንም ከሰው ነው የሰማሁት አልኩ። በማግሥቱ ዘጉት። ገና ላልወጣ ሕግ።

ሰመራ ሄጄ አንድ የቢሮ ሠራተኛ አማከርኩ። ኮምፒውተር እኔን ያህል አያውቅም፤ ፎርም ላይ የሚሞላ ውሸት ግን ያውቃል።

«ጋሼ፣ ‹የኔ ነው› ይበሉና ይገላገሉ። አዋሽ ድረስ መጥቶ ማን ይጠይቅዎታል?»

ወንዙ እየሞላ ነበር። ፎርሙን ዳግም ሞልቼ የኔ ነው አልኩ፤ የነገሩኝን ሰዎች ስም ሁሉ ሰረዝኩ። ገጹ ተከፈተ፤ ጎርፉ እየመጣ መሆኑን ጻፍኩ። ወዲያው አፋምቦ ያለው ወዳጄ ደወለ፤ ገጹን ለአገሩ ሰው እያነበበ የሚያሰማው ሽማግሌ ነው።

«ውሃ መጣ ይላል። ማን አየው?»

ከኔ ስም በቀር የሰፈረ የለም አልኩት።

«አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ነው ያየኸው? ወላሂ፣ በእንዲህ ያለ ወሬ የሰው ከብት አላስነሳም።»

በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። የአዋሽ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን አይቶ የነገረኝን ሾፌር ስምና ያየበትን ሰዓት ነገርኩት። በል ላስነሳቸው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ገጹን ያኔውኑ አጠፋሁት። አሁን ወሬውን በስልክ አደርሳለሁ፣ ከማን እንደሰማሁ እየተናገርኩ። በዚህ ሸለቆ እንደኔ ፈጥኖ የሚያደርስ የለም። ያ ፎርም ትዝ ሲለኝ ግን እስከ ዛሬ ምራቄን እተፋለሁ።