የሰባት ሰዓት ተማሪ

እናቴ «የዚች ልጅ ምላስ አንድ ቀን ቤት ያፈርሳል» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ያልገባኝን ነገር ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁንም ያው ነኝ።

ያኔ መሳለሚያ አጠገብ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጥ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ከወሎ አንዲት የሩቅ ዘመድ ልጅ መጣች፣ እኩያዬ። ወላጆቼ አባቷን «እንደ ልጃችን እናስተምራታለን» ብለው ነው ያመጧት። በማግስቱ መጥረጊያ ያዘች፤ እንደያዘች ቀረች። ታላቅ ወንድሜ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ከፊቱ የምታነሳው እሷ ነበረች። እሷ ከሌለች ደግሞ እኔ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ወንድ ነዋ» ይሉኛል፤ እሱ እግሩን ዘርግቶ ይስቅብኛል። ወላሂ፣ ያ ሳቁ አሁንም ያናድደኛል።

ልጅቷ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለአባቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ሱቅ ትሄዳለች። እኔ ምሳዬን ትምህርት ቤት ስለምበላ ስትሄድ አላያትም። አንድ ቀን ግን ታጥቦ የተሰቀለው ሁለተኛው ዩኒፎርሜ ላይ የወጥ ጠብታ አገኘሁ። ያን ሳምንት ጭራሽ አልለበስኩትም። ጉድ ፈላ! ዩኒፎርም በራሱ ወጥ አይበላ። ለማንም ሳልናገር ነገሩን ላጣራ ቆረጥኩ።

መምህራኑ ስብሰባ አለን ብለው በጊዜ የለቀቁን ቀን ከበራችን ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ወጣች። ዩኒፎርሜን ለብሳ፣ ምሳ ዕቃውን በአሮጌ የደብተር ቦርሳዬ ይዛ። በምን አለሽ ተራ በኩል ስትሄድ ከኋላዋ ተከተልኳት። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትራመደው፤ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ቆርቆሮ የተሸከመ ሰውዬ «ተማሪዋን አሳልፏት» አለና መንገድ ተለቀቀላት። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሲጠይቃት ዓይኗን በጨው አጥባ ስድስተኛ አለችው። አልተናደድኩም፤ ገረመኝ እንጂ።

ማታ እራት ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ዩኒፎርሜን ለምን እንደምትለብስ ጠየቅኳት። ክፋት አልነበረኝም፤ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለግኩት። የያዘችውን የውሃ ጆግ አስቀመጠች። እናቴ ተቆጥታ መልሺ አለቻት።

«እትዬ፣ በቤት ልብሴ ስሄድ መንገድ ላይ ያሉት ወንዶች ሠራተኛ ናት ብለው ይጎትቱኛል» አለች። «ተማሪ ስመስል ይተዉኛል።»

እኔ መች በዚህ አበቃለሁ፤ ወንድሜ ግማሽ ቀን ስለሚማር ምሳውን ለምን እሱ አይወስድም አልኩ። እናቴ ወንድ ልጅ ምሳ ዕቃ ተሸክሞ ገበያ መሀል ሲዞር ሰው ምን ይላል ብላ ጮኸችብኝ። ወንድሜ መብላቱን ቀጠለ። በመጨረሻ አባቴ እጁን ታጠበና ከነገ ጀምሮ ምሳውን ቤት መጥቶ እንደሚበላ ተናገረ። ዩኒፎርሙም እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ። በአንድ ጥያቄ ልጅቷን አዳንኳት እኮ! በማግስቱ ግን ልታናግረኝ አልፈለገችም። ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ ከእንግዲህ ማንም አይጎትትሽም፣ ታዲያ ምን አስኮረፈሽ እያልኩ ነዘነዝኳት።

ሳህኑን አስቀምጣ አየችኝ። «ሰባት ሰዓት ላይ እኮ ተማሪ ነበርኩ» አለችኝ።

ሳህኑን መልሳ አንስታ ማጠቧን ቀጠለች። እኛ ቤት ሁለት ዓመት ኖራ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አንድም ቀን ክፍል ሳትገባ። እኔ ያቺ ጠያቂ፣ ስለ ወጥ ጠብታው ያን ያህል መንገድ የሄድኩት፣ ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት የምትገባው መቼ ነው ብዬ አባቴን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።