ለአሳማው እንክብል የተለየች ኩባያ

ሰገራዬ ውሃ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ይሄም ይጻፋል? ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ኖሬው ነው ያስጠላኝ። ዘይት የተቀላቀለበት፣ ሁለት ሦስቴ ውሃ ቢለቁበት የማይሄድ። ባለቤቴ ከእኔ ቀጥላ ስትገባ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዝ ነበር።

ያን ጊዜ እዚህ ስደት አገር ከኢስት ፖይንት ሰፈር መንገደኛ በቫን ወደ ኤርፖርት እያመላለስኩ ነው የምንኖረው። ከሳሁ። እጄን በር ሲነካኝ እንኳ ይበልዛል። የቸርች እህቶች በቅቤ ያበደ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ። "ብላ እንጂ፣ አጥንትህ ወጣ እኮ!" ገንፎው መሃል የተኛውን ቅቤ ሳየው ያቅለሸልሸኛል፤ እምቢ ማለት ግን ነውር ነው። የበላሁት ሁሉ እንዳለ ይወጣል።

ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል፤ የእኔ ግን የምር ነበር። ሐኪሟ ቆሽቴ ቅባት የሚፈጨውን ኢንዛይም ማመንጨት እንዳቆመ ነግራኝ፣ ከምግብ ጋር የሚዋጥ እንክብልና ቫይታሚን አዘዘችልኝ። እንክብሉ የተሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ከአሳማ! ጌታን ከተቀበልን ወዲህ የሚከለክለን ሕግ የለም። ፓስተራችንም "ሁሉ ንጹሕ ነው" ብለው ይሰብካሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ፒዛ ላይ ያለውን የአሳማ ሥጋ እየለቀሙ ይጥላሉ። እንክብሉን መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ወተፍኩትና ቫይታሚኑን ብቻ ዋጥኩ።

አንድ እሑድ ከዶራቪል ገበያ አስቤዛ ይዘን ስንመለስ፣ ፀሐይ እንደገባች መንገዱ ጥቁር ጨርቅ የተጣለበት መሰለኝ።

"ኧረ ሰው! ብሬክ አድርግ!" ባለቤቴ ጮኸች።

አንድ ሽማግሌ መኪናው አፍንጫ ስር ቆመዋል። ፈጽሞ አላየኋቸውም።

"ዳፍንት ይዞሃል" አለችኝ። ቁልፉን ተቀበለችኝ።

እንክብሉን እንዳልዋጥኩ ስነግራት ሐኪሟ ተቆጣች። ያለ እንክብሉ ቫይታሚን ኤውም ከቅባቱ ጋር ሽንት ቤት ነው የሚገባው፣ ዓይኔ ካልተመለሰ ደግሞ መንዳት የለም አለች። ካልነዳሁ በምን እንኖራለን?

በማግስቱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ዋጥኩት። አንገሸገሸኝ፤ የሌለ ሽታ ሸተተኝ። ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ጸለየች። ከዚያ ለእንክብሉ መዋጫ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ለየችልኝ።

ከወራት በኋላ ዓይኔ ተመለሰ። ቁልፉን ራሷ ሰጠችኝ፤ ሲመሽም አጠገቤ ተቀምጣ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ኩባያዋን ግን እስከ ዛሬ በሁለት ጣት ነው የምታነሳት።